ሁለተኛው መርዶ

ዶክተር አክሊሉ የሞተው ራሱ ባሠራው ክፍል ውስጥ ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ በሩ ወደ ውጭ ሲሳብ፣ ጉልበቱን አቅፎ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ የተቀመጠው ሬሳ እንደተቀመጠ ተከትሎ ወጣና በጎኑ ወደቀ። ቅዝቃዜው አድርቆት ስለነበር፣ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ የሥጋ ሳይሆን የእንጨት ነበር።

ኢብሲቱ ነገሪ የሚኒያፖሊሱ ሲዋርድ ሰፈር ደርሳ ከመኪናዋ ስትወርድ የጥር ነፋስ ፊቷን ገረፋት። በካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ድንገተኛ ሞትን የምትመረምር፣ በቤቷ ኦሮምኛ፣ በሥራዋ እንግሊዝኛ፣ በለቅሶ ቤት አማርኛ የምትናገር፣ ቃሏን የምትቆጥብ ሴት ናት። ሥራዋ ሰው እንዴት እንደሞተ ማወቅ፣ ከዚያም ለቤተሰቡ መንገር ነው። ባልደረቦቿ ሁለተኛውን አጥብቀው ይጠሉታል። እሷ ግን ከሬሳው ይልቅ መርዶ የሚነገረው ሰው ፊት ብዙ እንደሚናገር በልምድ ተምራለች።

ክፍሉ ከአሮጌ ቤት ጀርባ፣ ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ውስጥ የተተከለ ትልቅ ሳጥን ነው። ግድግዳው ድርብ ነው፤ መስኮት የለውም፤ በሩ ከውስጥ እጀታ አልተሠራለትም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ ያጋዘቻቸው እስረኞች በጨለማና በዝምታ የሚቀጡበት ክፍል አምሳያ ነበር። አክሊሉ ስለ እነዚያ ግዞተኞች ያጠናው በዚያው በታዝማኒያ ደሴት ነው። ሚኒያፖሊስ ከመጣ ወዲህም የግዞተኞቹንና የሰፋሪዎቹን ሕይወት ከጥንት የእጅ ጽሑፍ እየለቀመ ለዘሮቻቸው የሚያሳውቅ አነስተኛ የጥናት ቤት ከፍቶ ነበር። የአንድ ግዞተኛ መጨረሻ ሲታወቅ ሠራተኞቹ በሙሉ ይነሣሉ፤ አክሊሉም ስሙን፣ የተጫነበትን መርከብ፣ የሞተበትን ስፍራ ቆሞ ያነባል። ይህንንም ሥርዓት «መርዶ» ብሎ ይጠራው ነበር። ጨለማው ክፍል በመጋቢት ለሚከፈተው ዐውደ ርእይ የተሠራ ነው።

«መጀመሪያ አደጋ መስሎኝ ነበር» አላት የፖሊስ መርማሪው ሉንድ፣ እጆቹን እያፋተገ። «በሩ በራሱ ክብደት ተዘግቶ ከውጭ ይቀረቀራል። ሰው ውስጥ ሲሆን በዚህች የእንጨት ሽብልቅ ነው ገርበብ አድርገው የሚያቆዩት።»

«ሽብልቋ የት ተገኘች?»

ሉንድ በአገጩ ወደ መደርደሪያው አመለከተ። ሽብልቋ ከሟቹ ስልክ አጠገብ በወጉ ተቀምጣለች።

«ተንሸራታ ቢሆን ኖሮ ወለሉ ላይ ትቀር ነበር» አለች ኢብሲቱ።

«ለዚህ ነው አደጋ ማለቴን የተውኩት።»

ከመደርደሪያው በላይ ለዐውደ ርእዩ የተዘጋጁ፣ ከጫማ ላይ የሚጠለቁ ሦስት ጥንድ ወፍራም የሱፍ ሽፋኖች ተሰቅለዋል። የዚያ ዘመን ጠባቂዎች ኮቴያቸው ዝምታውን እንዳይሰብር የሚያጠልቋቸው ናቸው። ኢብሲቱ ጓንቷን አጥብቃ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። ሁለቱ ጥንዶች ለስላሳና ደረቅ ነበሩ። ሦስተኛውና ትንሹ ጥንድ ግን ርሶ ኖሮ በረዶ ይዞት እንደ ሰሌዳ ደርቋል።

ሬሳውን ያገኘችው አይዳ የጥናት ቤቱ ጽሑፍ ገልባጭ ናት። ብርድ ልብስ ተከናንባ የፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች።

«እኅቴ፣ እኔ ከዓርብ ቀትር ጀምሮ ብሩክሊን ፓርክ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ደብል ሺፍት ስሠራ ነበር። ዛሬ የረሳሁትን ቻርጀር ልወስድ ብቅ ስል የጋራዡ መብራት በርቷል። እሱ ደግሞ ለአንድ አምፖል የሚጮህ ሰው ነው! ገብቼ ሳይ ካፖርቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። በዚህ ብርድ ካፖርቱን ጥሎ ቺካጎ አይሄድም ብዬ በሩን ሳብኩት።»

«ቺካጎ?»

«ኮንፈረንስ ነበረው፤ ዓርብ ማታ ነበር የሚበርረው። ጠዋት ሲገባ እንኳ "በላፕቶፕ ቦርሳ ብቻ ነው እንዴ ቺካጎ የሚኬደው?" ብለን ቀልደንበታል። እሑድ እስኪመሽ ማንም አይፈልገውም ነበር።»

«ክፍሉ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?»

«ዓርብ ዓርብ ሥራ ሲያበቃ ስልኩን ውጭ ትቶ ጨለማው ውስጥ ይቀመጣል። "ሳልቀመጥበት ስለ እነሱ አልጽፍም" ነው የሚለው። አንድ ሰው ሽብልቋን ያስገባለትና ይሄዳል። ባለፈው ዓርብ ተራው የፊሮምሳ ነበር።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስወጣ እየተጣሉ ነበር። ፊሮምሳ "ንገራት! ዛሬውኑ ንገራት!" እያለ ይጮኻል።»

«ማንን ነው የሚነግራት?»

አይዳ ዐይኗን ወደ ጫማዋ ሰበረች። «እኔ ምን ዐውቄ።»

ፊሮምሳ ከአንድ ሰዓት በፊት ተይዟል። ከአገሩ እስር ቤት አምልጦ የመጣ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በዳኛ ፊት ያለ ተመራማሪ ነው። ጋራዡ ውስጥ ከሟቹ ጋር መጨረሻ የታየው እሱ ነው፤ ጠቡንም አልካደም። የጠቡን ምክንያት ግን ለመናገር ፈጽሞ እንቢ አለ።

«ክሱ ከተመሠረተ ጥገኝነቱ አበቃ» አለ ሉንድ። «ወደመጣበት ይመልሱታል። ይህንንም ነገርኩት። ዝም አለኝ።»

ኢብሲቱ ወደ መኪናዋ ስትመለስ የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ቢራቱ ቆመው ጠበቋት። የሽማግሌው ጢም ላይ ትንፋሻቸው በረዶ ሠርቷል።

«ልጄ፣ ሚስቱ ኢየሩሳሌም በፖሊስ ስልክ እንዳይነገራት አደራ። ነገ ማለዳ ተሰብስበን እናርዳት።»

«ሕጉ ዛሬ ንገሩ ይላል፣ ጋሼ።»

«ሕጉ የባሏን ሬሳ ይዞ ብቻዋን ቤት ውስጥ ይጥላታል። እኛ ደግሞ እንደግፋታለን።» ጠጋ አሉ። «ሌላም ነገር አለ። እናቷ ወይዘሮ የሺመቤት አዲስ አበባ ባለፈው ግንቦት ዐርፈዋል። ይህን አታውቅም።»

«ከግንቦት እስከ ጥር?»

«አክሊሉ ነው ያዘገየው። ሥራው ይለቅ፣ እኔ ራሴ አረዳታለሁ አለ። ባል ነው፤ ምን እንበለው? ነገ በሩን ከፍታ ሽማግሌ ስታይ "እናቴን!" ማለቷ አይቀርም። አንቺ ጠንከር ብለሽ ያዢያት።»

«ይህን ማን ማን ያውቃል?»

ጋሼ ቢራቱ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዞሩ። «ሁላችንም።»

ሉንድ እያጉረመረመም ቢሆን እስከ ማለዳ ታገሠ። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሰዎች ሴንት ሉዊስ ፓርክ በሚገኘው አፓርታማ ኮሪደር ላይ ተደርድረው ቆሙ። ጋሼ ቢራቱ ከፊት፣ አይዳ ከጎናቸው፣ ጨለማውን ክፍል የሠራው አናጢ ቂርቆስ ከኋላ፣ ኢብሲቱ ከሁሉም ዳር ነበሩ። ሽማግሌው በሩን አንኳኩ።

ኢየሩሳሌም ፀጉሯን በሻሽ አስራ ከፈተች። በቁመቷ አጠር፣ በፊቷ ቀጠን ያለች ሴት ናት። የተሰለፉትን ሰዎች ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው። ጋሼ ቢራቱ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ጮኸች።

«አክሊሉዬን! አክሊሉዬን! ቤቴ ፈረሰ!»

ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት፤ ልቅሶው ቤቱን ሞላው። ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን የቀረችው ኢብሲቱ ክፍቱን በር እየተመለከተች ለአፍታ ሳትንቀሳቀስ ቆመች።

በማግስቱ በመጀመሪያ ያነጋገረችው ቂርቆስን ነበር። ግዙፍ ሰው ነው፤ የለቅሶ ቤቱ በር ላይ የተወው ቦት ጫማ ከሌሎቹ ጫማዎች መካከል እንደ ጀልባ ይታያል።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ አላለቀስኩለትም» አላት። «ክፍሉን የጨረስኩ ዕለት "እስቲ ግባና ድምፅ ይወጣ እንደሆነ ጩኽ" አለኝ። ዘጋብኝ። ጮኽኩ፣ ደበደብኩ፣ በመጨረሻም ለመንኩ። ሲከፍተው እየሳቀ ነው። "ግሩም ሥራ ነው ቂርቆስ፣ ምንም አይሰማም" አለኝ። እኔን እያስለመነ ሥራዬን አደነቀልኝ!»

«ኢየሩሳሌምንስ እንዴት ይይዛት ነበር?»

«አሮጌ የእጅ ጽሑፍ እንደሷ የሚያነብ የለም። እንደ ዐይኑ ይጠብቃታል፤ ዐይን ስለሆነችለት። እናቷ ሞተው እንኳ…» ፊቱን በመዳፉ አሻሸ። «የደም ግፊት መድኃኒት ትልክ ነበር፤ ሰው በሄደ ቁጥር። አክሊሉ "እኔ አደርስላታለሁ" ብሎ ይቀበላትና ቆሻሻ ውስጥ ይጥለዋል። ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ወደ አዲስ አበባ ስትነሣ እንግዲህ ምን ብለን እንቀበላት ብለን ተጨንቀን ነበር። ደግነቱ "ዘንድሮ ይቅር፣ ሻንጣችሁን አላጨናንቅ" አለችን። ተገላገልን።»

«ተገላገላችሁ» አለች ኢብሲቱ።

ኢየሩሳሌም ወለሉ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተቀምጣለች። ግራና ቀኟን ሴቶች ይዘዋታል፤ እንደ ወጉ ለአፍታም ብቻዋን አይተዋትም። ኢብሲቱ አጠገቧ በርከክ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዓርብ እንዴት ተለያያችሁ?»

«ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ከቢሮ በቀጥታ ኤርፖርት እሄዳለሁ ብሎኝ።»

«እስከ ሰኞ ሳይደውል ሲቀር አልሰጋሽም?»

«ሲጓዝ አይደውልም፤ ለምጄዋለሁ። ቺካጎ ነው ያለው ብዬ እንቅልፌን ነበር የምተኛው። በእሱ ላይ ክፉ ነገር ይደርሳል ብዬ በሐሳቤም አልመጣ።»

«እናትሽ ደኅና ናቸው?»

ኢየሩሳሌም ዐይኗን ቀና አድርጋ አየቻት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች በቀስታ። ዙሪያዋን የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ።

ፊሮምሳ ከመስታወቱ ማዶ ሲቀመጥ ትከሻው ወንበሩን አልፎ ይታይ ነበር። ለእስረኛ የተሰጠው ነጠላ ጫማ አልበቃው ብሎ ተረከዙ ወለሉን ይነካል።

«አዴ ኢብሲቱ» አላት በኦሮምኛ አክብሮት፣ «ከፖሊሱ ጋር ከሆነ የመጣሽው አትድከሚ።»

«ብቻዬን ነኝ። "ንገራት" ያልከው ስለ እናቷ ነው።»

ድንገት ቀና አለ። «ዐወቅሽ?»

«ለሉንድ ይህን ብትነግረው ምን ነበረበት? አንተ እኮ ለመግደል ሳይሆን ለእሷ ስትል ነው የተጣላኸው።»

«ብነግረው ለማጣራት እሷ ዘንድ ይሄዳል። እናትሽ ሞታለች ወይ ብሎ በሩ ላይ ይጠይቃታል። ባሏን ባጣች ሳምንት!» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ የአባቴን ሞት የሰማሁት ከመርማሪ አፍ ነው፤ ገልብጠው እየገረፉኝ። እንደዚያ ለማንም አይነገርም።»

«ወደዚያው ወደ ገራፊዎችህ ይመልሱሃል፣ ፊሮምሳ።»

«ዐውቃለሁ።»

«አክሊሉ ምን ብሎ መለሰልህ?»

«ሳቀብኝ። "ስታለቅስ ማን ያነብልኛል? ዐውደ ርእዩ ይከፈትና ታለቅሳለች" አለ። ይህን ብሎ ወደ ጨለማው ገባ። ሽብልቋን አስገባሁለትና በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መኪና የለኝም፤ ቤቴ እዚያው ሲዋርድ ነው።»

ረቡዕ የሠልስቱ ዕለት ነበር። ጸሎቱ አልቆ እንግዳውም የሚይዟት ሴቶችም ሲበተኑ ኢብሲቱ ጋሼ ቢራቱን፣ አይዳንና ቂርቆስን እንዲቆዩ ለመነች። ኢየሩሳሌም ከፍራሹ አልተነሣችም። ሉንድ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ።

«የምናገረው ስለ ገዳዩ ነው» አለች ኢብሲቱ። ድምጿ ከወትሮው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ፊሮምሳ አይደለም። ከመጀመሪያው ልነሣ። ሽብልቋ መደርደሪያ ላይ ነበረች፤ ስለዚህ አንድ ሰው ነቅሎ አስቀምጧታል። ያ ሰው ሲመጣ አክሊሉ ጨለማው ውስጥ ነቅቶ ተቀምጧል፤ በሩም በሽብልቋ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። በጋራዡ ወለል ላይ ደግሞ ለበረዶ የተነሰነሰ ጨው ስላለ እያንዳንዱ እርምጃ ይንኮሻኮሻል። አክሊሉ ግን ለመነሣት አልቃጣም፤ አልሰማምና። መጪው ከሚስማሩ ላይ የሱፍ ሽፋን አውርዶ ጫማው ላይ አጥልቆ ነበር።»

«በምን ታወቀ?» አለ ቂርቆስ።

«ትንሹ ጥንድ ርሶ በረዶ ይዞት ደርቋል። በዓርቡ ብርድ በእግሩ የመጣ ሰው ጫማው ላይ የሚይዘው በረዶ እንደ ዱቄት ደረቅ ነው፤ ሱፍ አያርስም። ጫማው እርጥብ የሚሆነው በረዶው የሞቀ መኪና ውስጥ ሲቀልጥ ነው። ፊሮምሳ በእግሩ የሚሄድ ነው፤ እግሩም ለዚያ ሽፋን አይሆንም። የአንተም፣ ቂርቆስ፣ ጣትህ እንኳ አይገባበትም። አይዳ ከዓርብ ቀትር አንሥቶ ሥራ ላይ ነበረች፤ አሠሪዎቿ አረጋግጠውልናል።»

አይዳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ጋሼ ቢራቱ ወደ ፍራሹ ማየት ጀምረው መልሰው ወደ ወለሉ አዩ።

«እግረ ትንሽ ባለመኪና በዚህ ከተማ ብዙ ነው» አሉ በዝግታ።

«እውነት ነው፣ ጋሼ። እኔም በዚህ ብቻ ማንንም አልወነጅልም። ሰኞ ማለዳን ያስታውሱ። ምን ብላ ትጮኻለች ብለው ነበር ያስጠነቀቁኝ?»

«"እናቴን" ትላለች ብዬ…» አሉ ሽማግሌው።

«ስንት ቤት መርዶ ተናግሬያለሁ። በሩን የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ "ማን?" ይላል፤ አለዚያ የሚፈራለትን ሰው ስም ይጠራል። የኢየሩሳሌም እናት ባሕር ማዶ የታመሙ አሮጊት ናቸው። ባሏ ጤነኛ ሆኖ ቺካጎ ነው፤ እንቅልፌን ተኝቼ ነበር ብላኛለች። እሷ ግን "ማን?" አላለችም፤ "እናቴን" አላለችም። ቃል ሳይወጣን የጠራችው አክሊሉን ነው። መሞቱን ታውቅ ነበር።»

ኢብሲቱ ወደ ፍራሹ ዞረች።

«ይህ አንዱ ነው። ሌላውን ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። መሞቱን ብታውቅም እንኳ፣ እናቷ ያሉ የሚመስላት ሴት ሽማግሌ ስታይ በድንጋጤ መጀመሪያ እሳቸውን ታስባለች። እሷ አላሰበችም፤ የሚሰጋላቸው እናት እንደሌሏት ታውቃለችና። መድኃኒቱን "ይቅር" ያለችው ሻንጣችሁን አዝና አይደለም፣ ቂርቆስ። የሚውጠው ሰው እንደሌለ ዐውቃ ነው።»

«የእግዚአብሔር ያለህ!» አለች አይዳ።

«ዓርብ ማታ ፊሮምሳ "ንገራት" እያለ ሲጮኽ፣ አክሊሉም ሲመልስለት፣ ከጋራዡ በር ውጭ የቆመ ሰው ሁሉን ይሰማል። ማን ሊቆም ይችላል? አይዳ፣ ዓርብ ጠዋት አክሊሉ ምን ይዞ ነበር?»

«የላፕቶፕ ቦርሳ… የላፕቶፕ ቦርሳ ብቻ።»

«ሚስቱ ግን ሻንጣውን ይዞ ወጣ ብላኛለች። ጋራዡም ቢሮውም ውስጥ ሻንጣ የለም። ማታ ሻንጣውን አምጥቶ ኤርፖርት የሚያደርሰው ሰው ነበረ ማለት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ያ ሰው ከዚህ ፍራሽ ለብቻው አልተነሣም። ወጉ ስለማይፈቅድ ሴቶቹ አልለቀቋትም።»

ሉንድ ስሙ ሲጠራ ባይሰማም ኢብሲቱ ወደ እሱ ስትዞር ገባው። የዳኛ ፈቃድ ይዞ ነበር የመጣው። «ሻንጣውን መኪናዋ ኋላ ላይ ነው ያገኘነው» አለ በእንግሊዝኛ። «እንደታሸገ።»

ኢየሩሳሌም ሻሿን አስተካከለች።

«ልጥለው አስቤ ነበር። ሸሚዞቹን የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ ተጣጥፈው ሳያቸው እጄ እንቢ አለኝ።»

«ኢየሩዬ ዝም በይ፣ ጠበቃ…» ብላ አይዳ ልታቅፋት ተጠጋች።

«አንቺ አትንኪኝ!» አለቻት። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር። "እናትሽ እንዴት ናቸው?" እያላችሁ ትጠይቁኝ ነበር። አንቺ፣ አይዳ፣ "ጸሎት አድርጊላቸው" ብለሽኛል! ከገና ቀደም ብሎ የእኅቴ ልጅ በቪዲዮ ስታወራኝ ሻሿ ከራሷ ወረደ። ለሐዘን ተላጭታለች፤ ፀጉሯ ገና ማደጉ ነው። ሰው በገላው ላይ ባለ ምልክት መለየት ነው እንጀራዬ፤ የግዞተኞችን ጠባሳና ንቅሳት ከመዝገብ እያነበብኩ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። እኅቴን ጠየቅኋት፤ አለቀሰች።»

«ለምን አልነገርሽንም፣ ልጄ?» አሉ ጋሼ ቢራቱ።

«እሱ እስኪነግረኝ ስጠብቅ ነበር። ኤለን ማሎኒ የምትባል አንዲት አይሪሽ ነበረች፤ አንድ ጥቅል ጨርቅ ሰርቃ የተጋዘች። እዚያው ደሴት ላይ በሰፋሪ ቤት ገረድ ሆና መሞቷን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የእናቷን ሞት ማንም ሳያረዳት፣ ትመጣለች እያለች ሞተች። አክሊሉ ይህን ቆሞ ሲያነብ አለቀሰ። እኔ አጠገቡ ቆሜ! አሁን ይነግረኛል አልኩ። እንባውን ጠርጎ "ቀጣዩን አምጪ" አለኝ።»

«ዓርብስ?» አለች ኢብሲቱ።

«ሻንጣውን ይዤ መጣሁ። "ስታለቅስ ማን ያነብልኛል" ሲል ሰማሁ፤ ሳቁንም ሰማሁ። ፊሮምሳ እስኪሄድ አጥሩ ሥር ቆየሁ። ሽብልቋን ስነቅል "ማን ነው?" አለ። አልመለስኩለትም። ቅዳሜ ተመልሼ ሄጄ ነበር። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። የቂርቆስ ሥራ ጥሩ ነው፤ ምንም አይሰማም። ይኑር ይሙት ማወቅ አልቻልኩም። እሱም እኔን እንደዚሁ ነበር ያኖረኝ።»

«መክፈት ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

ኢብሲቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። እስከዚያ ድረስ በቃሏ ውስጥ ያልነበረ ነገር አሁን ገባበት። «በዚያች ማታ ስለ አንቺ የተከራከረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሩ ኋላ ሆነሽ ሰምተሽዋል። ያ ሰው መርዶሽ በፖሊስ አፍ እንዳይደርስሽ ብሎ አፉን ዘግቶ፣ ወደ ገራፊዎቹ ሊመለስ ተቀምጧል። አንቺ ደግሞ እዚህ ፍራሽ ላይ ሆነሽ ተውሽው። ዝምታውም ለከንቱ ነበር፤ አስቀድመሽ ታውቂ ነበርና።»

ኢየሩሳሌም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሸፈነች። ቂርቆስ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሉንድ የነገሩን መጨረሻ ከፊታቸው አንብቦ ጠጋ አለ። ኢብሲቱ በእጇ አስቆመችው።

«ፊሮምሳ?» አለችው።

«ዛሬ ይወጣል።»

ኢየሩሳሌም እጇን ከፊቷ አወረደች። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው።

«ልሄድ ነው። ከመሄዴ በፊት ግን አርዱኝ። እናቴ መሞቷን ዐወቅሁ እንጂ እስከ ዛሬ ማንም አላረዳኝም። አፍ አላችሁ አይደል? ንገሩኝ።»

ጋሼ ቢራቱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣቸውም። በመጨረሻ የተናገረችው ኢብሲቱ ናት፣ እንደቆመች።

«ኢየሩሳሌም፣ እናትሽ ወይዘሮ የሺመቤት ባለፈው ግንቦት በአልጋቸው ላይ እንዳሉ ዐረፉ።»

«ምን አለች? ስትሞት ስሜን ጠራች?»

ኢብሲቱ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ጋሼ ቢራቱ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል።

«ልጄ… ልትሞት ስትል ስልክ ደውሉልኝ ብላ ነበር፤ አንቺን ፈልጋ። ሰው ሁሉ ከክፍሉ ውጡልኝ ብላ ነው የተናገረችው። ስልኩን ያነሣው አክሊሉ ነው። ቃሏን ለእኛም አልነገረንም። ራሴ አደርስላታለሁ ነበር የሚለው።»

የእናቷን ቃል የያዘው ብቸኛ ሰው እሷ በር የዘጋችበት አክሊሉ መሆኑ እስኪገባት ኢየሩሳሌም ተመለከተቻቸው። ከዚያም ጮኸች። የሰኞው ጩኸቷ ስም ነበረበት፤ ይኸኛው አንድም ቃል አልነበረበትም። ሴቶቹ በተበተኑበት ቤት ውስጥ፣ ሉንድ እስኪደርስ ድረስ፣ የሚይዛት አልተገኘም።